ሐኪሙ የማያውቀው ቅጠል
ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦ በክልሉ ለሚገኙ የካንሰር ሕክምና ባለሙያዎች፤ ለዘጌና ለአካባቢዋ የባህል መድኃኒት አዋቂዎች

ጉዳዩ፦ የካንሰር ሕሙማን ከኬሞና ከጨረር ጎን ለጎን ስለሚወስዷቸው የዕፅዋት መድኃኒቶች

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከጣና ዳር፣ ከዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚመጣ እንግዳ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አይቶ፣ ከጫካው ጥላ ሥር አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። እኛ የምንኖርባት ዘጌ በሬ የማይጠመድባት፣ ሞፈር የማይነካት ምድር ናት። ትውፊታችን እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዘጌ ሰው የሚበላውንም የሚሸጠውንም ከዛፍ ነው ሲጠብቅ የኖረው። ሲያመውም ዓይኑ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጓሮው ነው።

ይህ እንዲያው የአፍ ወሬ አይደለም። ጥላሁን ተክለሃይማኖትና ምሩፅ ግደይ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከዘጌ ሰዎች አንደበት 67 የመድኃኒት ዕፅዋትን መዝግበዋል፤ ለ52 ዓይነት ሕመም የሚውሉ ናቸው። ከዕፅዋቱ አብዝቶ የሚወሰደው ሥሩ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መድኃኒትም በአፍ ይሰጣል። ከጥናቱ አንድ ነገር በተለይ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ሰዎቹ ከሁሉ ይልቅ የተስማሙት በምችና በትኩሳት መድኃኒት ላይ ነው። አንዱ መንደር የሚለውን ሌላውም ይለዋል። ምክንያቱ ለኔ ግልጽ ነው። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ሲሰጠው ማታውን ወይም በማግስቱ ለውጡ ይታያል፤ የማይሠራ መድኃኒት በአንድ ትውልድ ውስጥ ይጣላል፣ የሚሠራው ይቀራል። ካንሰር ግን እንዲህ አይፈተንም። በስውር ያድጋል፣ ዓመት ይቆያል፣ አንዳንዴ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ያለ ይመስላል። አያቶቻችን እባጩን በናሙና መርምረው ይኸ ካንሰር ነው፣ ይኸ ደግሞ ተራ ዕጢ ነው ብለው የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ስለዚህ «ነቀርሳ አድኗል» የሚባለው ቅጠል ያዳነው ምን እንደነበረ ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገር አይችልም። የጫካችንን ዕውቀት የምወደውን ያህል ይህን ልዩነት ደግሞ ደፍሬ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 77,000 የሚጠጋ ሰው አዲስ ካንሰር ይገኝበታል፤ ከ50,000 በላይ ሰው ይሞታል። በሴቶች ላይ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ይበዛሉ። ጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ለኛ ለጣና ዳር ሰዎች ይህ ማለት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረፋ መጠበቅ፣ ዘመድ ቤት መለመን፣ ቡናን ገና ሳይለቀም በዱቤ መሸጥ ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ መንገዱ እንደ ልብ አልሆነም። በዚህ መካከል ቅጠሉ ቅርብ ነው። የሚሰጠውም ሰው የሚታወቅ፣ የሚያጽናና፣ ስምህን ጠርቶ የሚያናግርህ ሰው ነው። ሕመምተኛ ሁለቱንም ቢይዝ ማን ይፈርድበታል?

ይዞታልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኬሞ ይወስዱ የነበሩ 195 ሕሙማንን ጠይቆ ነበር። ከአምስቱ አራቱ ያህል ከሆስፒታሉ ሕክምና ሌላ ተጨማሪ ነገር ይወስዱ ነበር፤ አብዛኛው የባህል ዕፅዋት መድኃኒት ነው። ብዙዎቹም ለሐኪማቸው አልነገሩም።

ደብዳቤዬ ስለዚህ ዝምታ ነው።

ዝምታው ምን እንደሚመስል በቅርብ አይቼዋለሁ። የምቀርባቸው አንዲት እናት ጡታቸው ላይ የወጣውን እብጠት ዓመት ያህል ታቅፈው ከቆዩ በኋላ ኬሞ ጀመሩ። በየሦስት ሳምንቱ ይዘናቸው እንሄዳለን። ከነጠላቸው ሥር ሁልጊዜ አንድ ሃይላንድ አለ፤ በውስጡ ያለው ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት እንደ ራሰ አፈር ይሸታል። ሥሩ ተወቅጦ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ፣ ሌሊት አድሮ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣ ነው። አንድ ቀን ነርሷ በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ከዚህ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም ልጄ፤ የናንተኑ ነው።»

ጥያቄው ያን ያህል ነበር፤ ነርሷ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደማቸው ሲታይ ነጭ ደማቸው ወርዷል፣ ጉበታቸውም ተቆጥቷል ተባለ። ኬሞው ተላለፈ። ቀጥሎም መጠኑ ተቀነሰ። ሐኪሙ የቀነሰው መድኃኒቱ ጎዳቸው ብሎ ነው፤ ሌላ የሚጠረጥርበት ምክንያት አልተሰጠውም። ጉበታቸውን ያስቆጣው ኬሞው ይሁን ሃይላንዱ፣ ወይስ ሁለቱ ተባብረው፣ የተመረመረ ነገር የለም። ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። «ብናገር ‹እንግዲያው እዚያው ይታከሙ› ይሉኛል ብዬ ነው» አሉኝ። ከሳቸው በፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ቅጠል መጠጣቷን ብትናገር በሰው ፊት ተቆጥተዋት ነበርና፣ እሳቸው ያንን ሰምተው አፋቸውን ዘጉ።

እዚህ ላይ ነገሩ የአንድ ሰው ጠባይ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሕክምና ባለሙያው በቀን የሚያየው ሕመምተኛ ብዛት ይገባኛል። ነገር ግን በቁጣ የተገኘ ዝምታ ሐኪሙን ራሱን ነው የሚያሳውረው። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች በጉበት በኩል ነው የሚጣሩት። ጉበትን የሚጫን ወይም ሥራውን የሚያፋጥን ዕፅ ሲጨመር ኬሞው በደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊከማች፣ አለበለዚያ ሳይሠራ ቶሎ ሊወጣ ይችላል። በውጭ አገር በደንብ የተጠናው ምሳሌ ሴንት ጆንስ ወርት የሚባለው ተክል ነው፤ ለድብርት ብለው የሚወስዱት ሰዎች ኢሪኖቴካንና ኢማቲኒብ የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች በደማቸው ውስጥ መጠናቸው እንደሚያንስ ተረጋግጧል። ሰውየው መድኃኒቱን እየወሰደ እንዳልወሰደ ይሆናል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ኬሞ ከተወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ ደም በጣም የሚወርድበት ወቅት አለ። በዚያን ጊዜ ያልፈላ ውኃ፣ ያልታጠበ ሥር፣ አፈር የነካው ወቀጣ ለጤነኛ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለሕመምተኛው ግን በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳት አስይዞ ሊገድል የሚችል ነገር ነው። ይህን ለማስረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አንድ ነርስ «እማማ፣ የሚጠጡት ነገር ካለ በዚህ ሁለት ሳምንት ያልፈላ እንዳይሆን» ብትል ይበቃ ነበር። ይህን ለማለት ግን መጠጣታቸውን ማወቅ ያስፈልጋታል።

እባጩ ላይ የሚቀባውም እንዲሁ ነው። የቁልቋል ወተት ቆዳን እንደሚልጥ፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ እንደሚያሳውር በገጠር የማያውቅ የለም። ጡት ላይ ባለ እብጠት ላይ ሲደረግ ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲመግል ሰው «መርዙ ወጣ» ብሎ ደስ ይለዋል። እብጠቱ ግን ከሥር አለ። ቀድሞ በቀላሉ በቀዶ ሕክምና ይወጣ የነበረው አሁን የቆሰለ፣ ያመረቀዘ፣ ለሐኪሙም የሚከብድ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ቅጠላችንን ለማጣጣል አይደለም። ዛሬ በየሆስፒታሉ ከሚሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች ጥቂት የማይባሉት መነሻቸው ዕፅ ነው። ቪንክሪስቲን የተገኘው ከማዳጋስካር ከመጣች አንዲት ትንሽ አበባ ነው፤ የደም ካንሰር የያዛቸው ስንት ሕፃናት በሱ ድነዋል። ፓክሊታክሴል ከአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ዛፍ ቅርፊት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ለሕክምና ተፈቀደ። ከነዚህ ሁሉ በላይ እኛን የሚመለከተን ግን የራሳችን አገር ታሪክ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ማነሱም ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለካንሰር የሚሆን ዕፅ ሲፈልጉ ከኢትዮጵያ አንድ ቁጥቋጦ ወሰዱ፤ እኛ አጣጥ የምንለው ተክል የቅርብ ዘመዱ ነው። ከሱም ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አገኙ፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። በተክሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ኢምንት ነበር፤ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚወጣው ከአንድ ሚሊ ግራም በታች ነው። ኃይሉ ግን ብርቱ ነበር። በሰው ላይ ሲሞከር ጤነኛውንም ሕዋስ ስለሚመታ ጉዳቱ በዛና ተተወ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሳይንቲስቶች ከዚያው መርዝ የተወለደ ውህድ የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አያያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ላለባቸው ሴቶች እንዲሰጥ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከአገራችን ቁጥቋጦ ተነሥቶ ሴቶች እጅ እስኪደርስ ግማሽ ምዕት ዓመት ፈጀ። ዛሬ ዋጋው የዘጌ ሰው የሚደርስበት አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ለመድኃኒት አዋቂዎቻችን ክብርም ማስጠንቀቂያም ይወጣል። ጫካው ውስጥ በእርግጥ መድኃኒት አለ። ያው መድኃኒት ግን ሳይለካ፣ ሳይለይ፣ ሳይገራ ሲሰጥ መርዝ ነበር፤ በሐኪም እጅ በሆስፒታል አልጋ ላይ እንኳ መርዝ ነበር። ከአንድ ኪሎ ተክል ያቺን ኢምንት የሚያህል ነገር በወቀጣና በብጥበጣ ለክቶ የሚሰጥ አዋቂ የለም።

የሚጠቅሙም አሉ፤ ስለነሱም ሕመምተኛው ከባለሙያ መስማት አለበት። ዝንጅብል ከማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ጋር ተጨምሮ የኬሞን ማቅለሽለሽ እንደሚያቀል ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በአንገትና በአፍ አካባቢ ጨረር የሚወስዱ ሰዎች አፋቸው ሲቆስል ማር እንደሚረዳ ታይቶ፣ ዓለም አቀፍ የካንሰር ደጋፊ ሕክምና ባለሙያዎች በመመሪያቸው አካትተውታል። ዝንጅብልና ማር ደግሞ ለኛ ብርቅ አይደሉም። አንዲት እናት ከሐኪም አፍ «ማሩን ይውሰዱ፣ ዝንጅብሉንም በሻይ ይጠጡ፤ ይኸኛውን ሥር ግን ኬሞው እስኪያልቅ ያቆዩልን» የሚል ቃል ብትሰማ ሃይላንዱን ከነጠላዋ ሥር አትደብቅም። የከለከላት ሰው የፈቀደላትም ነገር ስላለ ታምነዋለች።

ጎን ለጎን መሄድ እንደሚቻል በአገራችን የታየበት ጊዜም አለ። ኤች አይ ቪ በከፋበት ዘመን ስንቱ ሰው ጠበል ገብቻለሁ ብሎ መድኃኒቱን ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ። አንድ ቃል ከሚታመን ሰው ሲወጣ ስንት ነፍስ እንደሚያተርፍ ያን ጊዜ አይተናል። የዘጌ ገዳማት አባቶችም ዛሬ ስለ ካንሰር ይህንኑ ቢናገሩ ይሰማሉ። ቢሯችሁ ሄዶ ቢያናግራቸው እንደሚቀበሏችሁ አልጠራጠርም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው ጎን ለጎን በመሄዱ ላይ ሳይሆን አንዱን ለሌላው ሲሉ በመጣል ላይ መሆኑን ከውጭ የመጣ ማስረጃም ያሳያል። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሌላ ሕክምና የጨመሩ የአሜሪካ ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው ካልጨመሩት በእጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር ግን እነዚያ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ቀዶ ሕክምናውን ወይም ኬሞውን ወይም ጨረሩን እምቢ ብለው ነበር፤ ያ እምቢታና የሕክምናው መዘግየት በስሌቱ ውስጥ ሲገቡ ልዩነቱ ጎልቶ መታየቱ ቀረ። የኛም ሐዘን ይኸው ነው። ሰው ቅጠሉን ሲሞክር ወራት ያልፋሉ፤ ወደ ሆስፒታል ሲመጣ እብጠቱ ወደ ብብት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ተዛምቷል።

ለእናንተ ለመድኃኒት አዋቂዎቹም በዚሁ አጋጣሚ ልናገር። አባቶቼ ናችሁ፤ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ እያለ ከሚያንቋሽሻችሁ ጋር አልቆምም። ስሙ ከተነገረ መድኃኒቱ ይረክሳል የምትሉትን አውቃለሁ፤ የቤተሰብ ዕውቀት ለሌላ መስጠት እንደሚያሳስባችሁም ይገባኛል። ደግሞም ሥጋታችሁ ከንቱ አይደለም፤ ከአገራችን ከወጣው ቁጥቋጦ የተገኘው መድኃኒት ለኛው እንደማይደርስ ከላይ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ጡቷ ላይ እብጠት ያላት ሴት ደጃችሁ ስትመጣ ከሁሉ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ታይታ እንደሆነ ጠይቋት። ካልታየች ላኳት። ኬሞ ጀምሬያለሁ ካለቻችሁ ደግሞ የሚጠጣውን አዘግዩላት። በዚህ ስማችሁ ከፍ ይላል እንጂ አይወድቅም።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ የተከበራችሁ የጤና ቢሮ ኃላፊዎች። የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

በክልሉ የካንሰር ሕክምና በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች ሁሉ፣ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በሌሎቹ፣ በሕመምተኛው ካርድ ላይ አንድ ቋሚ ጥያቄ ይግባ፦ የባህል መድኃኒት፣ ዕፅ ወይም ሌላ ተጨማሪ ነገር ይወስዳሉ? ጥያቄው በእያንዳንዱ የኬሞ ዙር ይጠየቅ እንጂ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ተጠይቆ አይተው። አጠያየቁም «የሚወስዱ ብዙ ናቸው፤ እኛም ማወቅ የምንፈልገው እንዳይጎዳዎት ነው» በሚል ይጀመር። የሚመልሰውን ሰው እንዳይቆጡት ለባለሙያው ሁሉ ይነገር፤ ይህ ነገር በሥልጠና ውስጥ ይግባ። መልሱን የሚያነብና ከመድኃኒቱ ጋር የሚያመዛዝን ፋርማሲስት በየኦንኮሎጂ ክፍሉ ይመደብ። ከቃል ይልቅ ሃይላንዱን ይዘው ለመጡትም ጠርሙሱን አይቶ ቀንና ዓይነቱን የሚጽፍ ሰው ይኑር።

ዕፅዋቱን ለይቶ ለማወቅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አጠገባችሁ ነው፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም በባህል መድኃኒት ላይ የሚሠራ ክፍል አለው። አዋቂው የአሠራሩን ምስጢር ሳይናገር ቅጠሉንና ሥሩን ብቻ ለይቶ ለማሳወቅ የሚስማማበት ሥርዓት ሊበጅ ይችላል። የማኅበረሰቡ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ተካፋይነት እንዳይወሰድ የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። አዋጁ በዘጌ ሥራ ላይ ሲውል ማየት እንፈልጋለን። የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሲሆን ጫካችን እንደሚጠበቅ ተነግሮናል፤ የጫካው ዕውቀትም አብሮ ይጠበቅ።

እነዚህ ሁሉ ቢዘገዩ እንኳ የካርዱ ጥያቄ አይዘግይ። አንድ ሰርኩላር ይበቃዋል። በሚቀጥለው ወር ኬሞ የምትወስድ የዘጌ እናት «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ተብላ ስትጠየቅ ሳትፈራ «አለ» እንድትል አድርጉልን። ቢሯችሁ የሚሰጠውንም መልስ በዚሁ መልክ በይፋ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከዘጌ ነዋሪዎች አንዱ